ሪሞቱን ከመክሰሳችሁ በፊት

ሞተር ሳይክል አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚመታው ሪሞቱ ነው። መዳፍ ላይ ይጠፈጠፋል፣ ሱሪ ላይ ይታሻል፣ ትንፋሽ ይነፋበታል፣ ከዚያም ክንድ ወደ ላይ ተዘርግቶ ደጋግሞ ይጫናል። መቱ መናኸሪያ ዳር ይሁን፣ ጎሬ ገበያ አፋፍ ላይ ይሁን፣ ሁሩሙ ሻይ ቤት በር ላይ ይሁን፣ ሥርዓቱ አይለወጥም። ባለሞተሩ ሪሞቱን ሲቀጣ ከጎኑ የቆመው «ባትሪው ነው» ይላል፤ ሌላው «የቻይና ስለሆነ ነው» ይላል፤ ሦስተኛው ምንም ሳይናገር እጁን ዘርግቶ ይቀበልና ራሱ ይሞክረዋል፣ የእሱ አውራ ጣት የተለየ ሥልጣን የተሰጠው ይመስል። ይህ ጽሑፍ ለሪሞቱ ጠበቃ ለመቆም የተጻፈ ነው። ሪሞቱ በሚከሰስበት ጥፋት አብዛኛውን ጊዜ እጁ የለበትም ባይ ነኝ። የሚገባው ክስ ሌላ ነው፤ እሱን ግን እስካሁን ማንም አላነሳበትም።

ሪሞት ስንል በመጀመሪያ ስለ የትኛው እንደምንናገር እንለይ፤ ሰዉ ሁሉንም በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ስድብ ይሸኛቸዋልና። በኢሉባቦር መንገዶች ላይ በብዛት የምናያቸው የህንድ ሞተሮች፣ ቦክሰሩም ቲቪኤሱም፣ ከፋብሪካ ሲወጡ የሚያውቁት ቁልፍ ነው። ሪሞት የሚመጣባቸው ኋላ አላርም ሲገጠምላቸው ነው። ይህ ዓይነቱ ጣት ሲጫነው ብቻ ይናገራል፣ በቀረው ጊዜ ይተኛል። ከኤሌክትሪክ ሞተሮች ደግሞ ብዙዎቹ ገና ሲገዙ ሪሞት አላቸው። ሦስተኛው ዓይነት ጭራሽ ጣት አይፈልግም፤ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ ሞተሩ ሲጠራው «አቤት» የሚል ነው። ካዋሳኪ እ.ኤ.አ. በ2007 1400 ጂቲአር በተባለው ትልቅ ሞተሩ ላይ ይዞት ወጣ፤ ቢኤምደብሊውና ሃርሊ ዴቪድሰንም የየራሳቸው አላቸው፤ ዛሬ እስከ ትናንሽ ስኩተሮች ድረስ ወርዷል። በዚህኛው አሠራር ሞተሩ 125 ኪሎ ኸርትዝ አካባቢ በሆነ ዝቅተኛ ሞገድ፣ ከአንድ ሁለት ሜትር ብዙም በማያልፍ ርቀት ይጣራል። ሪሞቱ ጥሪውን ሲሰማ ብዙ ጊዜ በ315 ወይም በ433 ሜጋ ኸርትዝ ምሥጢሩን ይመልሳል፤ መልሱ ልክ ከሆነ ሞተሩ ይከፈታል። ልዩነቱ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሚጫኑት ሪሞት ባትሪውን የሚበላው ሲጫኑት ነው፤ አዳማጩ ግን ቀንም ሌሊትም ጆሮውን አቅንቶ ነው የሚያድረው። አንዳንዱን ሞተሩ አጠገብ ካሳደሩት ሁለቱ ሲጠራሩ ያነጉና ጠዋት ላይ ሁለቱም ደክመው ይገኛሉ።

ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ሪሞቱ ይጠረጠራል? አዲስ ስለሆነ ነው። መንደር ውስጥ ዶሮ ሲጠፋ የሁሉም ዓይን ባለፈው ሳምንት ቤት ወደተከራየው ሰውዬ እንደሚዞር፣ እዚህም ነገር ሲበላሽ ዓይን ሁሉ ወደ ሪሞቱ ይዞራል። ካንዴላውን ባለሞተሩ ራሱ ፈትቶ ጠርጎታል፤ ፍሪሲዮኑን አጥብቆታል፤ ካርቡራቶሩን መካኒኩ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ሪሞቱን ግን ማንም ውስጡን አያውቀውም። ቅጣቱም ቢሆን ከየትም የመጣ አይደለም፣ የቆየ ልምድ ነው። የሬዲዮና የእጅ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣ ነበር፤ ፀሐዩ ካልበቃው በጥርስ ይነከስ ነበር። ይህ ሞኝነት አልነበረም። የዚንክና የካርቦኑ ድንጋይ ሲያርፍና ሲሞቅ በውስጡ ያለው ኬሚካል ጥቂት ያገግማል፤ ሲነከስም እርጥቡ ነገር ተጨምቆ ገና ያልተነካው ጋ ይደርሳል። የማታ ዜና ለመስማት የሚበቃ ጉልበት ይገኝበት ነበር። ልምዱ ትክክል ነው፤ ዕቃው ነው የተለወጠው። የሪሞቱ ባትሪ ሊቲየም ስለሆነ ቢነክሱት ጥርስ ከመስበር ያለፈ ጥቅም የለውም፣ ሕፃን ልጅ ከዋጠው ደግሞ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ያቃጥላል። ሪሞቱን ለሚያለቅስ ልጅ ማባበያ የሚሰጡ ወላጆች ይህን ቢያስቡበት ደግ ነው።

ይህ ባትሪ ብዙ ጊዜ ሲአር 2032 የሚባለው ነው። 20 ሚሊ ሜትር ወርድ፣ 3.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ 3 ቮልት ጉልበት አለው። ጠባዩ ከድንጋዩ ፈጽሞ ይለያል። ድንጋዩ ሲደክም ያስታውቃል፤ ሬዲዮው ድምፁ ይሰልላል፣ አምፖሉ ይቀላል። ይህኛው ዕድሜውን ሙሉ 3 ቮልት አካባቢ ይቆይና መጨረሻው ላይ ድንገት ይወድቃል። ስለዚህ «ትናንት ማታ እኮ ይሠራ ነበር» የሚለው ታላቅ ማስረጃ ባትሪውን ነፃ አያወጣውም። ቴስተርም ያታልላል፤ ምንም ሥራ ሳይሰጡት ሲለኩት 3 ቮልት ያሳያል፣ ሪሞቱ ሞገድ ሊልክበት ሲል ግን ይከዳል። የሚሻለው በአዲስ መተካት ነው፤ ከሁሉም ሙከራ ርካሹ እሱ ነውና። «አዲስ» ሲባልም ከሱቅ ዛሬ የተገዛ ማለት ብቻ አይደለም፤ መደርደሪያ ላይ ስንት ዓመት እንደከረመ የሚያሳየውን ቀን ማንበብ ያስፈልጋል። ባትሪውን የሚነኩት ሁለት የብረት ምላሶችም ተለምጠው ወይም አረንጓዴ ዝገት ይዘው ሊሆን ይችላል፤ በደረቅ ጨርቅ መጥረግና በስሱ ቀና ማድረግ ይበቃቸዋል። ችግሩ እዚህ ላይ ከተፈታ እንኳ ሪሞቱ ተበላሽቶ ነበር አይባልም። ቤንዚን ያለቀበትን ሞተር ተበላሸ የሚል ሰው አላውቅም።

የሪሞቱን ንጽሕና ከሁሉ አስበልጦ የሚመሰክረው ጆሮ ነው። ሪሞቱ ሲጫን አላርሙ ከጮኸ፣ ፍሬቻው ብልጭ ካለ፣ ከመቀመጫው ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ ሪሞቱ ድርሻውን ተወጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሞተሩ የራሱ ጣጣ ነው። «ቀጭ ቀጭ» እያለ የማይነሳ ሞተር ደግሞ የራሱ ትልቁ ባትሪ እንደደከመ በግልጽ ቋንቋ እየተናገረ ነው። ክላክስ ይነፋ፤ ድምፁ የጎረነነ ከሆነ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ክላክስ ለሞተር ሳይክል ከተሠሩት ሁሉ ቀላሉ የምርመራ መሣሪያ ነው፣ ግን ሰው ለባጃጅ ማስፈራሪያ ብቻ ይጠቀምበታል። ትልቁ ባትሪ ለምን ይደክማል? ሒሳቡ ቀላል ነው። አላርም ቆሞም ይበላል። የአላርሙን ፍጆታ 5 ሚሊ አምፔር ብናደርገው፣ በ24 ሰዓት 0.12 አምፔር ሰዓት ይወስዳል፤ 5 አምፔር ሰዓት የሚይዝን ትንሽ ባትሪ በ20 ቀን ግማሹን፣ በ40 ቀን ገደማ ሙሉውን ይጨርሰዋል ማለት ነው። እንግዲህ በኢሉባቦር ክረምት ወደ ዲዱ፣ ወደ ኖጳ ወይም ወደ አልጌ የገጠር ቀበሌዎች የሚወስደው መንገድ ጭቃ ሲሆን ሞተር ስንት ጊዜ ከቤት ሳይወጣ እንደሚቆም አስቡ። መስከረም ላይ ባለቤቱ ሪሞቱን ሲጫን ሞተሩ ዝም ይላል፤ ሪሞቱም በጥፊ ይመታል። ሲበላ የከረመው ግን አላርሙ ነበር፣ ያበላውም ባለቤቱ።

ከዚህም በታች የወረዱ፣ ለመናገር የሚያሳፍሩ ምክንያቶች አሉ። መሪው ላይ ያለው ቀይ ማጥፊያ ተነክቶ ይሆናል፤ የቆመ ሞተር ላይ ወጥተው ከሚጫወቱ ልጆች የመጀመሪያዋ መጫወቻ እሷ ናት። በብዙ አዳዲስ ሞተሮች የጎን መቆሚያው ካልታጠፈ፣ ማርሹ ነፃ ካልሆነ ወይም ፍሪሲዮኑ ካልተያዘ ማስነሻው አይሠራም። እነዚህን ሦስት አራት ነገሮች ማየት ሪሞቱን ሁለት ጊዜ በጥፊ ከመምታት ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። ሰው ግን አያያቸውም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ እዚያ ከተገኘ ጥፋተኛው ራሱ መሆኑ ነው።

ሪሞቱና ሞተሩ ደህና ሆነው መካከላቸው የሚበላሽበት ጊዜም አለ። ጥሪ ሰሚው ሪሞት ከስልክ ጋር አንድ ኪስ ውስጥ ሲጣበቅ ጥሪው ሊታፈንበት ይችላል፤ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ከገባ ደግሞ ፈጽሞ አይሰማም። ቡና ነጋዴ ሪሞቱን ከብሩ ጋር ብረት ሣጥን ውስጥ ቆልፎ፣ ሞተሩ ለምን እምቢ እንዳለው ቢጠይቅ መልሱ ከሣጥኑ አይርቅም። ርካሽ የስልክ ቻርጀርና አንዳንድ አምፖል የሚረጩት ረብሻም ሪሞትን ያደነቁረዋል፤ ሞተሩን አሥር እርምጃ ገፋ አድርጎ መሞከር ይህን ይለያል። የሚጫኑትን ሪሞት አገጭ ላይ አስደግፎ መጫን ርቀቱን እንደሚጨምር የታወቀ ነው፤ ጭንቅላታችን ውስጥ ያለው ፈሳሽ ሞገዱን ይረዳዋል። አስቂኝ ቢመስልም ከጥፊው ይልቅ ሳይንስ ያለው እዚህ ነው። ኮዱን በየጊዜው የሚለዋውጥ ሪሞት ደግሞ ሕፃን ቤት ውስጥ ሲጫወትበት ከዋለ ቆጠራው ወደፊት ይሄዳል፣ ሞተሩ ግን ይህን ሁሉ አልሰማም። ልዩነቱ ሲሰፋ ይጠራጠራል፤ ብዙ ጊዜ አጠገቡ ቆሞ ሁለት ጊዜ አከታትሎ መጫን ያስታርቃቸዋል።

እዚህ ላይ የሚነሳውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ «ይህ ሞተር ሪሞት ሳይገጠምለት በፊት አንድ ቀን አስቸግሮ አያውቅም!» ተቃውሞው ግማሹ እውነት ነው፣ ግማሹን እውነት ደግሞ አልክድም። አላርም ሲገጠም የማስነሻው ሽቦ ይቆረጣል፣ አዲስ ሽቦ ይቀጠላል፣ ቅጥያው በፕላስተር ይጠቀለላል፣ ከዚያም መቀመጫው ይከደንበታል። እንዲህ ያለው ሥራ ደረቅ አገር ላይ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። እኛ የምናወራው ግን ስለ ኢሉባቦር ነው። ጎሬ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚለካባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ በዓመት ከ1,800 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድባታል፣ ዝናቡም ከበልግ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ፕላስተር ይህን ሁሉ ወር እርጥበት ጠጥቶ ሙጫው ሲለቅ፣ ውስጡ ያለው መዳብ አረንጓዴ ይሆናል፤ ሞተሩ ሲዘንብ እምቢ ይላል፣ ፀሐይ ሲወጣ ይስማማል። ባለቤቱ ይህን አይቶ «ሪሞቱ ዝናብ አይወድም» ይላል። ዝናብ የማይወደው ግን ቅጥያው ነው። የተፈተሸ ብየዳና ውኃ የማያስገባ ሽፋን ቢደረግለት ያው ሪሞት ጎሬ ላይ ሐምሌን ያለ ሐሜት ያልፋል።

«እንግዲያስ ቁልፍ ምን አለው? ለምን አንመለስም?» የሚሉም አሉ። በታሪክ ካየነው በዚህ አገር ካለቁልፍ መጓዝ ከቁልፍ ይቀድማል፤ ጎሬ ቡናዋን በበቅሎ ወደ ጋምቤላ እያወረደች በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ትልክ በነበረበት ዘመን፣ በቅሎዎቹ ለማንም ጌታ ቁልፍ አልጠየቁም፣ አልነሳ በማለት ግን ዛሬ ከምናየው ሞተር ሁሉ ይበልጡ ነበር። ወደ ቁልፉ ስንመለስ፣ ትዝታ ከነበረው በላይ አስውቦታል። ያረጀ የሞተር ቁልፍ መክፈቻው ስለሚላላ ለጎረቤት ሞተር ቁልፍም፣ ለካቻቪቴም ይታዘዛል። ቁልፍ ቀራጭ ጋ ቅጂውን ለማውጣት የባለቤትነት ወረቀት የሚጠየቅበት ቦታ ስንት ነው? ሪሞት ግን አይደፈርም ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። እ.ኤ.አ. በ2011 የዙሪክ ተመራማሪዎች ከ8 አምራቾች የመጡ 10 ዓይነት መኪናዎችን ፈትሸው፣ ባለቤቱ ኪስ ያለውን የሪሞት ምልልስ በመሣሪያ አራዝመው ከሩቅ መክፈትና ማስነሳት እንደሚቻል አሳይተዋል። መቱ ላይ ግን ያን ያህል የሚደክም ሌባ የሚኖር አይመስለኝም። ሞተሩን ለሁለት አንስቶ አይሱዙ ላይ መጫን እያለ ስለ ሞገድ ማን ያጠናል?

ከሁሉ የሚከብደው ሦስተኛው ተቃውሞ ነው፤ «ሲበላሽ የሚሠራው የለም፣ አዲስ አበባ ድረስ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ልላከው?» የሚለው። ሰዉ የሚሳሳተው ሪሞቱን የሚወስድበት ቦታ ላይ ይመስለኛል። ሞተሩ የገባበት ጋራዥ ነው ሪሞቱም የሚገባው፤ መካኒኩም በግሪስ እጁ ተቀብሎ ያገላብጠዋል፣ በመዶሻ የሚስተካከል ነገር እንደሌለበት ሲያይ «አይሠራም» ብሎ ይመልሰዋል። ሪሞት ግን የሞባይል ጠጋኙ ዘመድ ነው። በየከተማው ያሉት ወጣቶች ከሪሞቱ በብዙ እጥፍ የተወሳሰበ የስልክ ቦርድ በማጉያ መነጽር እያዩ፣ በቀጭን ብየዳ፣ በቴስተር ይጠግናሉ። የሪሞት ሕመም ደግሞ አብዛኛው ከሦስት አያልፍም፤ የላላ የባትሪ ምላስ፣ ያለቀ መጫኛ፣ የተሰነጠቀ ብየዳ። ለስልክ ጠጋኝ ይህ የሻይ ሰዓት ሥራ ነው። ውኃ የገባበት ሪሞትም ባትሪው ወጥቶ፣ ተከፍቶ፣ በአልኮል ታጥቦ ሲደርቅ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ስልክ ጠጋኙ የማይችለው ጨርሶ የጠፋን ሪሞት በአዲስ ተክቶ ከሞተሩ ጋር ማስተዋወቅ ነው፤ እሱ የአምራቹን መሣሪያ ወይም የአላርሙን የማስተማሪያ ቅደም ተከተል ይፈልጋል።

አሁን ለሪሞቱ የሚገባውን ክስ እናንሳ። ሪሞት ምክንያት አይናገርም። ቁልፍ እምቢ ሲል ለእጅ ያስረዳል፤ አልገባም፣ ገብቶ አልዞረም፣ ዞሮ መብራት አልመጣም፣ መብራት መጥቶ አልነሳም፤ እያንዳንዱ የተለየ በሽታ ነው፣ እጅም ይለየዋል። ሪሞት ለባትሪ ማለቅ፣ ለሽቦ መቆረጥ፣ ለስልክ መጋረድ፣ ለሞተሩ መራብ የሚሰጠው መልስ አንድ ዝምታ ነው። ሰው የሚመታውም የሚያናግረው ሲያጣ ይመስለኛል። ይህ ደግሞ የአምራቹ ምርጫ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም። ሃርሊ ዴቪድሰን ሪሞቱ ባይኖርም በፍሬቻው ማብሪያ 5 አሃዝ ያለው የምሥጢር ቁጥር አስገብቶ ማስነሳት የሚቻልበት መንገድ ሠርቷል። ባትሪው የሞተን ሪሞት ሞተሩ ላይ ወደተወሰነ ቦታ አስጠግቶ የሚያስነሱ ሞተሮችም አሉ፤ በሪሞቱ ውስጥ ያለ ትንሽ አካል ከሞተሩ በሚመጣ ሞገድ ብቻ ይነቃል። እንዲህ ያለ ሁለተኛ በር መክፈት የሚቻል ከሆነ፣ ያልከፈተው ሰው ይጠየቅ።

ነገሩ ከእንግዲህ የባሰ ያሳስባል። በቦክሰሩ ዘመን ሪሞቱ ሁሉ ቢጠፋ አላርሙ ተነቅሎ፣ ቁልፍ ዞሮ፣ መርገጫው ተረግጦ ወይም ቁልቁለት ተፈልጎ ሞተሩ ይነሳል፤ መቱና ጎሬ ደግሞ ቁልቁለት አያጡም። የኤሌክትሪኩ ሞተር እግር መርገጫ የለውም፤ ከቁልቁለት ቢለቁትም ይወርዳል እንጂ አይነሳም። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ የመኪና ዓይነት ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ፣ ባለ ሁለት እግሩም ወደዚያው ማምራቱ አይቀርም። ስለዚህ ገዢ ሱቅ ውስጥ ቆሞ «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ የሪሞቱ ባትሪ እንዲወጣና ሻጩ ፊቱ ላይ ሞተሩን እንዲያስነሳለት ይጠይቅ። ሻጩ ከተንተባተበ ዋጋ ይቀንስ፤ ካልቀነሰ ገዢው ሌላ ሱቅ ይግባ።

አንድ የቀረኝ ስለ ሁለተኛው ሪሞት ነው። ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሪሞት ጋር ይሸጣሉ፤ ሁለተኛውም ለክፉ ቀን ነው። ብዙ ሰው ግን ሁለቱን በአንድ ቀለበት አስሮ ነው የሚዞረው፤ አብረው ይረጥባሉ፣ አብረው ይወድቃሉ፣ ቡሬ ላይ ሲጠፉም አብረው ይጠፋሉ። የተቀሩት ደግሞ እቤት መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ሲወጣ ባትሪው አልቆ ይገኛል። መቱና ጎሬ የሚመላለስ ሰው አንዱን መቱ፣ ሌላውን 25 ኪሎ ሜትር ርቃ ባለችው ጎሬ ዘመድ ቤት ቢያስቀምጥ፣ ባትሪውንም አውጥቶ ከሪሞቱ ጋር በአንድ ፖስታ ቢያሽገው፣ ፖስታው ላይም የሞተሩን ታርጋ ቢጽፍበት ችግሩ ይቃለላል፤ ከዘመድየው ልጆች የተሰወረ ቦታ ከተገኘ።